የብረት ጥሩር ገበር፦ የ14 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ምርመራ

ሥራው የብረት ጥሩሬ፣ ማለት የብረት የጦር ልብሴ፣ ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ገበር ማልበስ ነው፤ የሚካሄደው በኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ፣ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ዕቃው በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በጀርመን ምድር እግረኛ ወታደር ይለብሰው የነበረው ግማሽ ጥሩር ቅጂ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት በ1,150 ዩሮ ገዝቼው በየበጋው በታሪክ ትርኢቶች ላይ እለብሰዋለሁ። የአንገት፣ የደረት፣ የጀርባ፣ የሁለት ትከሻና የሁለት ጭን ክፍሎች፣ እንዲሁም ቡርጎኔት የሚባለው ፊቱ ክፍት የሆነ ራስ ቁር አለው። የደረቱ ላሜራ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የትከሻውና የጭኑ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ሁሉም ተደምሮ 11.8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጥሩርና ራስ ቁር የሚሉትን ቃላት ከቅዱሳት መጻሕፍት ስለምናውቃቸው እንዳሉ እወስዳቸዋለሁ፤ የቀሩትን ክፍሎች በሚሸፍኑት የሰውነት ክፍል እየጠራሁ፣ የውስጥ ልባሱን ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊዎች ገበር እላለሁ።

ክፍሎቹን በሙሉ ፈትቼ፣ በነጭ አንሶላ ላይ ደርድሬ፣ በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ አየኋቸው። ዋናው ጉዳት በሦስት ቦታ ነው። የትከሻው ክፍል ክንድ በተነሣ ቁጥር በደረቱ ላሜራ ላይ ስለሚንሸራተት፣ ከብብት ከፍ ብሎ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ላይ እንደ ቅስት የጎበጡ ጭረቶች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ጥልቅ ከመሆናቸው የተነሣ ጥፍር ይይዛሉ። የጭኑ ክፍል የተሠራባቸው አምስት ተደራራቢ ላሜራዎች እርስ በርስ በሚፋተጉበት መስመር ሁሉ የተወለወለው ገጽ ጠፍቶ ዝገት ጀምሯል። በጀርባው ላሜራ ላይ ደግሞ የትከሻ ማንገቻው ዘለበት ከስሩ ምንም ስለሌለው ብረቱን ቧጥጦታል። ከስር የምለብሰው ጥጥ የተሞላ ኮትም በአንገቱ ላሜራ ጠርዝ እየተበላ ሁለት ጊዜ ተጥፏል።

በምርመራው ወቅት አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። በትከሻው፣ በጭኑና በአንገቱ ክፍሎች ጠርዝ ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ክብ የናስ ራስ ያላቸው ሪቬቶች (በቀዳዳ አልፈው ጫፋቸው ተቀጥቅጦ የሚይዙ ሚስማር መሰል ማያያዣዎች) አሉ። ከውስጥ ሳያቸው ግን በባዶ ላሜራ ላይ ተቀጥቅጠው የቀሩ ናቸው፤ የሚይዙት ነገር የለም። ለጊዜው ጌጥ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው።

2ኛ ሳምንት፦ ፌልት በማስቲሽ

ፈጣኑን መንገድ መረጥኩ። ከቤት ዕቃ መሸጫ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፌልት (ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሠራ ጠጉራም ጨርቅ) በ14 ዩሮ፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ በ9 ዩሮ ገዛሁ። የላሜራዎቹን ውስጥ በአልኮል ጠርጌ፣ ፌልቱን በወርድ 4 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ቀብቼ 15 ደቂቃ ካናፈስኩ በኋላ ለጠፍኩት። ሥራው በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ክፍሎቹ ሲገጠሙ ጩኸታቸው ቀንሶ፣ ትከሻው በደረቱ ላይ በለስላሳ ይንሸራተት ጀመር፤ በዚያ ቀን በውጤቱ ረክቼ ነበር።

4ኛ ሳምንት፦ ከዝናቡ በኋላ

በሁለት ቀን ትርኢት የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዘነበ። ማታ ላሜራዎቹን ከውጭ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ በዘይት አበስኳቸው። የገበሩን ስር ግን አላየሁም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአንዱ ፌልት ጫፍ ተነሥቶ ስለነበር ስቤ ሳነሣው፣ ከስሩ የፌልቱ ቅርጽ ያለው ብርቱካናማ ዝገት ተነጥፎ አገኘሁት። ፌልቱ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ አቆይቶታል፤ ማስቲሹ ባልያዘበት ቦታ ሁሉ እርጥበቱ በቀጥታ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ግኝት ነው። የደረቱ ላሜራ ከፌልቱ በፊት ከነበረው የከፋ እንጂ የተሻለ አልሆነም፤ ጥልቅ ጭረት መጨመሩ ቆሞ በምትኩ ጭጋግ የመሰለ ጥቃቅን ጭረት ሰፊ ቦታ ሸፍኗል። ፌልቱን በማጉያ መነጽር ሳየው በጠጉሩ መካከል የሜዳው አሸዋ ብናኝ ተሰግስጎበታል። ጠጉር ያለው ነገር ብናኙን ይይዛል፣ ከያዘው በኋላ ደግሞ ራሱ የብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይፈጫል። ስለዚህ በሚንቀሳቀሱ ሁለት ላሜራዎች መካከል የሚገባው ገጽ ልሙጥና በቀላሉ የሚጠረግ መሆን አለበት።

ማስቲሹን ለማስለቀቅ አንድ ሊትር አሴቶን (7 ዩሮ)፣ የእንጨት መፋቂያና ስድስት ሰዓት ያህል አስፈለገኝ። ዝገቱን በ400፣ ከዚያ በ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አነሣሁት። ጥልቆቹን ጭረቶች ግን ተውኳቸው፤ እነሱን ለማጥፋት ብረቱን ማሳሳት ግድ ይላል፣ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ደግሞ ብዙ የሚቀነስለት ነገር የለውም።

5ኛ ሳምንት፦ ወደ ጾይግሃውስ

ከመጀመሪያው ላደርገው ይገባኝ የነበረውን አሁን አደረግኩ። በዚሁ ከተማ መሐል ላንደስጾይግሃውስ የሚባለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አለ። ከ1642 እስከ 1644 ተሠርቶ የሽታይርማርክን ግዛት ከኦቶማን ጦር ለመከላከል የሚያስፈልገው መሣሪያ የተከማቸበት ሲሆን፣ 32,000 ያህል ዕቃዎች ዛሬም በእንጨት መደርደሪያዎቻቸው ላይ ይገኛሉ። በ1749 የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ግምጃ ቤቱን ለመዝጋት ስታስብ የግዛቱ ሹማምንት ለመታሰቢያነት እንዲቆይላቸው ጠይቀው ስለተፈቀደላቸው፣ ተራ እግረኛ የለበሰው ጥሩር እንኳ በብዛት ተርፏል። እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር፤ የነገሥታት ጥሩር በሌሎች ሙዚየሞችም ይታያል፣ የተራው ወታደር ግን ብዙውን ጊዜ ተሽጦ ወይም ቀልጦ ጠፍቷል።

ሦስት ሰዓት ያህል ጠርዝ ጠርዙን ብቻ እያየሁ ቆየሁ። በጌጥነት ያለፍኳቸው ሪቬቶች እዚያ ሥራ አላቸው። በተጠቀለለው ጠርዝ ስር የተደረደሩት ሪቬቶች ከውስጥ በኩል ጠባብ የቆዳ ቅንጣቢ ይይዛሉ፤ ገበሩ የሚሰፋው በዚያ ቅንጣቢ ላይ ነበር። በየላሜራዎቹ ጠርዝ ላይ ገበሩ በትንሽ ወጣ ብሎ በክብ በክብ የተቆረጠ ጫፍ ሲኖረው ፒካዲል ይባላል። ይህ ቃል በዘመኑ ለሸሚዝ አንገት ጌጥም ያገለግል ነበር፤ የለንደኑ ፒካዲሊ ጎዳናም ስሙን ያገኘው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዚህ ዓይነት የአንገት ጌጥ ከበለጸገ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። በጥሩር ላይ ግን ፒካዲል ከጌጥ ያለፈ ተግባር አለው፤ የላይኛው ላሜራ ጠርዝ የታችኛውን ብረት ከመንካቱ በፊት ጨርቁ ወይም ቆዳው ይነካል።

ከዚህ ጉብኝት የወሰድኩት ዋናው ነገር የአያያዙ ዘዴ ነው። ገበር የሚፋተግና የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ ባለሙያዎቹ ሪቬቱን ለቆዳ ቅንጣቢው፣ ቅንጣቢውን ለስፌቱ አድርገው ሠርተውታል። ጨርቁ ሲያልቅ ክሩ ተበጥሶ ሌላ ይሰፋል፤ ቅንጣቢው ሲያረጅ ሪቬቱ ተቆርጦ ሌላ ይመታል፤ ብረቱ ግን አይነካም። ማስቲሽ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋዋል።

6ኛ ሳምንት፦ የቆዳ ፈተና

ሁሉም ቆዳ ለብረት አይስማማም። በዛፍ ልጥ የለፋ ቆዳ ታኒን የሚባለው አሲድ አለው፤ ታኒን ከብረትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ዕድፍ ያወጣል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ፈተንኩ። አራት ቁራጭ ላሜራ ወልውዬ በልጥ የለፋ የከብት ቆዳ፣ በክሮም የለፋ የከብት ቆዳና በዘይት የለፋ የአጋዘን ቆዳ በየአንዱ ላይ በክር አሰርኩ። በአራተኛው ላይ በልጥ የለፋውን ደገምኩት፣ ነገር ግን ላሜራውን አስቀድሜ ማይክሮክሪስታላይን ሰም ቀባሁት። የተጠቀምኩበት ዓይነት በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ ለቅርስ ጥበቃ የተቀመረ ሲሆን፣ የንብ ሰም ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ የለውም። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ 24 ዩሮ አወጣ። አራቱን ቁራጮች ከእርጥብ ጨርቅ ጋር በፕላስቲክ ሣጥን ዘግቼ ለአሥር ቀን አስቀመጥኳቸው።

በልጥ የለፋው ባዶውን ብረት በግልጽ አጥቁሮታል። በክሮም የለፋው በጠርዙ ዙሪያ ነጠብጣብ ዝገት አስነሥቷል። በዘይት የለፋው የአጋዘን ቆዳ ከስሩ ቀለል ያለ ጥላ ብቻ ተወ። በሰም የተቀባው ላሜራ ደግሞ ከአንድ ጥግ በቀር እንደነበረ ወጣ፤ በዚያ ጥግ ሰሙን አሳስቼ ቀብቼው ነበር።

በዚህ አካባቢ በዘይት የለፋ የአጋዘን ቆዳ ማግኘት አይቸግርም፤ የባህሉ የቆዳ ሱሪ የሚሰፋው ከእሱ ነውና። ከአንድ ሱሪ ሰፊ 1.2 ኪሎ ግራም ቁርጥራጭ በ38 ዩሮ ገዛሁ። ጉድለቱ መለጠጡ ነው፤ ሸክም በሚይዝበት ቦታ ይረዝማል። ስለዚህ ላሜራዎቹን አያይዘው ለሚያንጠለጥሉት የውስጥ ጠፍሮች በልጥ የለፋ 3 ሚሊ ሜትር የከብት ቆዳ (27 ዩሮ) ወሰድኩ፤ ከስሩ ያለውን ብረት በሰም መቀባት ግዴታ መሆኑን በግድግዳው ላይ ጽፌ ለጠፍኩ።

7ኛ እና 8ኛ ሳምንት፦ ሪቬት

ሥራ የሌላቸውን የናስ ሪቬቶች ከውስጥ በሞረድ ሞርጄ፣ በ3 ሚሊ ሜትር መግፊያ አስወጣኋቸው። በአንገቱ ክፍል 12፣ በሁለቱ ትከሻዎች 18፣ በሁለቱ ጭኖች 14፣ በድምሩ 44 ናቸው። ስድስቱ ከተነሡበት ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ ጠቁሮና ተበልቶ ነበር። ናስና ብረት ላብ ያለበት እርጥበት ሲያገናኛቸው የሚበላው ብረቱ ነው። በዘመኑ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሪቬት ዓይነት ግንዱ ብረት ሆኖ ራሱ ላይ ስስ የናስ ቆብ ያጠለቀ ነው፤ ሙሉ ናስ የነበረውን የእኔን በለስላሳ የብረት ሪቬት ተካሁት። ሃምሳ ሪቬት 16 ዩሮ፣ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ስስ ብረት) 6 ዩሮ፣ ለትራፓኑ ሁለት የ3.2 ሚሊ ሜትር መብሻ 8 ዩሮ አወጡ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ሪቬቶች ተበላሹ። ግንዱን 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትቼለት ስለነበር ስመታው ከመስፋት ይልቅ ወደ ጎን ተጣመመ። 3 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለውን ግንድ በሮንዴላ ላይ ለመቀጥቀጥ የግንዱን ወርድ ያህል፣ ማለት 3 ሚሊ ሜትር፣ ትርፍ ይበቃል፤ ሙሉ ክብ ራስ ለማውጣት ከተፈለገ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሁለተኛው ስሕተት የውጩን ራስ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ማሳረፌ ነው፤ ራሱ ተጨፍልቆ በግራው ትከሻ ላይ ሁለት ስርጉዶች ተፈጠሩ። ከዚያ በሞርሳ በያዝኩት ወፍራም ብረት ላይ የራሱን ቅርጽ የሚቀበል ጎድጓዳ ቀዳዳ ቆፍሬ፣ 200 ግራም በምትመዝን ክብ አፍንጫ መዶሻ በትንንሽ ምት መቀጥቀጥ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሪቬት አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ አንድም አልተጣመመም።

ቅንጣቢዎቹ 18 ሚሊ ሜትር ወርድ አላቸው። ከመምታቴ በፊት የላሜራውን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰም ቀብቼ አደርቃለሁ፤ ሮንዴላው ቆዳውን እንዳይቀድድ ጠርዙን በሞረድ አለሰልሳለሁ።

9ኛ ሳምንት፦ የጠርዙ ገበር

ለፒካዲሉ ጥብቅ ሽመና ያለው ቀይ የሱፍ ጨርቅ በ22 ዩሮ ገዛሁ። ቀይ ከፋይ ለከበርቴዎች ጥሩር ይሠራ ነበር፤ ለእግረኛ ጥሩር ሱፉ ይበቃል። የአጋዘን ቆዳውን ልሙጥ ገጽ ወደሚንሸራተተው ብረት፣ ሱፉን ወደ ውስጥ አድርጌ ደርቤ ሰፋሁ፤ ከጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ በሳንቲም ቅርጽ ተቆረጠ።

መጀመሪያ ቀጥ ያለ ሪባን ቆርጬ በጎበጠው የትከሻ ጠርዝ ላይ ሰፋሁት፤ ውስጡ ተጨማደደ። ከዚያም የባሰው፣ የቀኙ ትከሻ ተጣብቆ ክንዴ ከትከሻዬ ከፍታ አልነሣም አለ። ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ስለካው በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እኔ የጨመርኩበት ቆዳና ሱፍ ተደርቦ 3.5 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ይህን አስቀድሞ መለካት ይገባ ነበር፤ ገበር የሚገባበት ክፍተት ከሌለ ጭረቱን አስቀርቶ እንቅስቃሴውን ያጠፋዋል።

እዚህ ከተማ ለብዙ ዓመት በልብስ ስፌት የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ የተጨማደደውን ክፍል ይዤ ሄድኩ። በጣታቸው አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን እንደ ቀበቶ ቆርጠኸዋል፤ እንደ ኮት አንገት ነው መቆረጥ ያለበት። ወረቀት አስቀድመህ ብረቱ ላይ ጫነው» አሉኝ። በነገሩኝ መሠረት ወረቀቱን በጠርዙ ላይ ጫንኩ፤ የጎበጠበትን መስመር በእርሳስ አወጣሁ፤ በውስጠኛው በኩል በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ሦስት ማዕዘን ቀነስኩለት። ቆዳውን በመላጫ ከ1.4 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር አሳሳሁት። በሚፋተገው ቦታ ሱፉን ትቼ ቆዳውን ብቻ አስቀረሁ፤ ሱፉ ከጠርዙ ወጥቶ ከሚታየው ክፍል ጋር ብቻ ቀረ። አሁን ውፍረቱ ከክፍተቱ ያነሰ ነው፤ ክንዴ እስከ ጆሮዬ ይደርሳል።

በሰም በታሸ የበፍታ ክር፣ በወስፌ እየበሳሁ፣ በሁለት መርፌ ሰፋሁ። አራቱም የትከሻና የጭን ክፍሎች ሁለት ሳምንት ወሰዱብኝ።

11ኛ ሳምንት፦ ራስ ቁር

ቡርጎኔቱ የመጣው ከስሩ በተለጠፈ ስፖንጅ ነበር፤ ስፖንጁ ፈርሶ ብጫ ዱቄት ሆኗል። በእርሱ ፋንታ በዘመኑ የነበረውን ዓይነት ሠራሁ። በግንባሩ ዙሪያ ባሉት ሪቬቶች የቆዳ ቀበቶ አሰርኩ፤ በሁለት ድርብ የበፍታ ጨርቅ (18 ዩሮ) ስድስት ቅጠል መሰል ቁራጮች ሰፍቼ ውስጣቸውን በፈረስ ጭራ (12 ዩሮ) ሞላሁ፤ ጫፎቻቸውን በገመድ አያይዤ አናት ላይ ሰበሰብኳቸው። ገመዱ ሲጠብቅ ራስ ቁሩ ከፍ ይላል፣ ሲላላ ዝቅ ይላል፤ በአናትና በብረቱ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት እንዲቀር አደረግኩ። የማሲንቆ ክር ከሆነው ጭራ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ላብ ቢነካውም እንደ ጥጥ አይጠቀጠቅም። በመጀመሪያ አብዝቼ ሞልቼው ስለነበር ስፌቱ ሲሳብ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ግማሹን አውጥቼ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ በጥልፍ አሰርኩት።

12ኛ ሳምንት፦ ዘለበቶች

ይህ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከእያንዳንዱ ዘለበት ስር ከዘለበቱ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የቆዳ ምላስ አስገባሁ፤ የሚይዘው ዘለበቱን የያዘው ሪቬት ራሱ ነው። ለአራቱም ዘለበቶች አንድ ምሽት በቃ።

14ኛ ሳምንት፦ የሁለት ቀን ሙከራ

ከትርኢቱ በፊት በደረቱ ላሜራ ላይ የነበሩትን ጭረቶች ፎቶግራፍ አንሥቼ፣ ክብ አድርጌ በእርሳስ ምልክት አደረግኩባቸው። በሁለቱ ቀናት በድምሩ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ለበስኩት፤ ዝናብ አልነበረም፣ አቧራ ግን ነበር። ማታ ማታ የቆዳውን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ክፍሎቹን ለያይቼ አናፈስኳቸው። በደረቱ ላሜራ ላይ ያገኘሁት አዲስ ጭረት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከትከሻው ሳይሆን በዘንግ መሣሪያ ልምምድ የመጣ ነው። በጀርባው ላይ የዘለበት ምልክት የለም። የኮቴ አንገትም አልተበላም።

አዲሱ ሰም በላሜራዎቹ ውስጥ ስለመቆየቱ ለማየት የግራውን ጭን አንድ ሪቬት ቆርጬ ቅንጣቢውን ገለጥኩት። ከስሩ ብረቱ ንጹሕ ነበር። በሌላ በኩል በግራው ብብት ዙሪያ ያሉት ሦስት የፒካዲል ክቦች ሱፋቸው ሳስቶ የስፌቱ ክር ታይቷል፤ ሰይፍ የሚንጠለጠልበት ቀበቶ የሚፋተገው እዚያ ነው። ለዚያ ቦታ በሱፉ ፋንታ ሙሉ ቆዳ እሰፋለሁ፤ የቀረው የአጋዘን ቆዳ ለአንድ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

እስከ አሁን ያወጣሁት 201 ዩሮ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 30 ዩሮው ለፌልቱ፣ ለማስቲሹና ማስቲሹን ላስለቀቀው አሴቶን የሄደ ነው። የቆረጥኩትን ሪቬት ነገ ማታ መልሼ እመታዋለሁ፤ ከዚያ የብብቱን ክቦች እፈታለሁ።